ያለ አስጎብኚ ለምናደርገው የፎቶግራፍ ጉብኝት፦ ዕቅዱና የአያቴ ጥያቄ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ወር ከደርስ በኋላ ተቀምጠን ስንጨዋወት አንዲት እህት «በዚህ ዕረፍት ከግቢ ወጣ ብለን አንድ ነገር አይተን ብንመለስስ?» የሚል ሐሳብ አነሳች። አንዱ ሐይቅ እንሂድ አለ፤ ሌላው ሐረር አለ። እኔ «የፎቶግራፍ ሙዚየም» ብዬ ሳቅ ሆነ። «ፎቶማ በስልካችን ሞልቶ የለም እንዴ!» ያለኝ ወንድም እስካሁን ባገኘኝ ቁጥር ይስቅብኛል። ቢሆንም በጀመዓችን ልማድ ሐሳብ ያመጣ ሰው ሥራውም የእሱ ነውና፣ ዕቅዱን አዘጋጅቼ በዜና መጽሔታችን እንዳቀርብ ተወሰነ።

ዕቅዱን ይዤ መጥቻለሁ፤ አልሃምዱሊላህ። ግን መጀመሪያ ካሰብኩት ጋር አንድ አይደለም። ለምን እንደተለወጠ ካልነገርኳችሁ ዕቅዱ ራሱ ግራ ያጋባችኋልና ከመነሻው ልጀምር።

ሙዚየም ፍለጋ

መጀመሪያ ያደረግኩት ሌሎች እንዴት እንደሚሠሩት ማየት ነበር። በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ አንድ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1976 ያቋቋመው የዘመናዊ ፎቶግራፍ ሙዚየም አለ፤ መግቢያው በነጻ ነው። በአምስተርዳምና በስቶክሆልምም ለፎቶግራፍ ብቻ የተሠሩ ቤቶች አሉ። እንዲህ ያሉ ቦታዎች ተማሪዎችን በሁለት መንገድ ያስተናግዳሉ። አንደኛው አስጎብኚ እየመራ የሚያሳይበት ነው። ሁለተኛው ቡድኑ ስንት ሰው እንደሆነና መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ አሳውቆ፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ጥያቄ፣ ያለ አስጎብኚ የሚዞርበት ነው። እኔን የሳበኝ ሁለተኛው ነው። አስጎብኚ ካለ የምናየውን እሱ ይመርጥልናል፤ ከሌለ ግን ምን ፈልገን እንደመጣን ራሳችን ማወቅ አለብን።

አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ፣ ለፎቶግራፍ ብቻ የቆመ ቋሚ ሙዚየም ፈልጌ አላገኘሁም። ያገኘሁት እዚህም እዚያም የተበተነ ነው። አይዳ ሙሉነህ የምትባለው ኢትዮጵያዊት ፎቶግራፍ አንሺ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባል ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ፌስቲቫል ጀምራ ነበር፤ ነገር ግን ፌስቲቫል ወቅቱን ጠብቆ የሚመጣ እንጂ ዓመቱን ሙሉ በሩ የሚከፈት ቤት አይደለም። ስድስት ኪሎ አካባቢ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። እዚያው አካባቢ፣ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንጻ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ይገኛል። መስቀል አደባባይ ደግሞ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። እነዚህን በአንድ ገመድ ካሰርናቸው የአንድ ቀን የፎቶግራፍ ጉብኝት ይወጣቸዋል ብዬ አሰብኩ።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ነበር። ወረቀቱ ላይ ሰዓት ጻፍኩ፤ የመኪና ዋጋ ጠየቅኩ። ግን አንድ ነገር ለጀመዓው አልተናገርኩም ነበር። የኔ ኒያ ሌላ ነበር።

ለማንም ያልነገርኩት ኒያ

የአንደኛ ዓመት ተማሪ እያለሁ አንድ ሌሊት ዶርም ውስጥ በስልኬ የኮረምን ፊልም አየሁ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1984፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በቢቢሲ የተላለፈው ዘገባ ነው። ዘጋቢው እንግሊዛዊው ማይክል በርክ ሲሆን፣ ካሜራውን የያዘው ግን ሙሐመድ አሚን የሚባል የናይሮቢ ተወላጅ ሙስሊም ወንድማችን ነበር። ብዙዎቻችን ስሙን አናውቀውም፤ እኔም በዚያ ሌሊት ነው ያወቅኩት። ያ ዘገባ በብዙ አገሮች ታየ። ከእሱ በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ ዘፋኞች ተሰባስበው ገንዘብ አሰባሰቡ፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1985 በለንደንና በፊላዴልፊያ የተካሄደው ትልቁ ኮንሰርት የዚህ ተከታይ ነው። ሙሐመድ አሚን እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ በፈነዳ የጥይት መጋዘን አንድ እጁን አጣ፤ በሰው ሠራሽ እጅ ሥራውን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1996 ተጠልፎ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። አላህ ይዘንለት።

ያን ሌሊት ግን ስለ ካሜራ ባለሙያው ብዙም አላሰብኩም። ፊልሙን እያቆምኩ፣ ስክሪኑን በሁለት ጣት እያሰፋሁ፣ የሴቶቹን ፊት አንድ በአንድ አያለሁ። አያቴን ነበር የምፈልገው።

አያቴ የግራና ሰው ናት። ሐብሩን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከወልዲያ ወደ ደሴ ስትወርዱ መርሳን ታገኛላችሁ፤ ግራና ከመርሳ ብዙም የማትርቅ ትንሽ ከተማ ናት። ዛሬ ስሟ «የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት» እየተባለ ከመስኖ ጋር ይነሳል፤ ከመሬት ውስጥ ውሃ ወጥቶ ሽንኩርት ይለማበታል። በ1977 ዓ.ም. ግን ማሽላው በቁሙ ደረቀ። አያቴ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር «ኮረም እህል ይሰጣል» ሲባል ሰምተው በእግር ወጡ። መንገዱ በወልዲያ፣ በቆቦና በአላማጣ አድርጎ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስትመለስ የነበረችው ከአንድ ልጅ ጋር ነው። ያ ልጅ አባቴ ነው።

ይህን ታሪክ በቤታችን ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም አይናገረውም። አያቴ ራሷ ስለ ኮረም ስትናገር የሰማሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «አልሃምዱሊላህ፣ አለፈ»። ስለዚህ እኔ በፎቶ ላገኛት ተመኘሁ። ፎቶግራፍ የሚታይበት ቤት ካገኘሁ፣ የፎቶግራፍ መዝገብ እንዴት እንደሚፈለግ ከተማርኩ፣ ከነዚያ ሺህ ፊቶች መካከል አንድ ቀን አገኛታለሁ ብዬ ነው ያን ቀን በስብሰባው ላይ እጄን ያወጣሁት።

ግራና፣ ከዐስር በኋላ

ከሦስት ሳምንት በፊት ቤተሰብ ልጠይቅ ግራና ሄጄ ነበር። ከዐስር ሶላት በኋላ አያቴ ቡና አፍልታ ተቀምጠናል። ቡናው ተመርቆ የመጀመሪያው ስኒ እንደተቀዳ የጉዞውን ነገር አነሳሁላት።

«ፎቶ ለማየት አዲሳባ ድረስ?» አለችና ሳቀች።

«አዎ እምዬ፣ የድሮም የአሁንም ፎቶ።»

«የማንን?»

«የሰው ነዋ።»

«የትኛውን ሰው?»

እንዴት እንደምመልስ ጨነቀኝ። በመጨረሻ «የሰባ ሰባቱንም ፎቶ የያዙ ሰዎች አሉ፤ ውጭ አገር ነው ያለው፤ የኮረምን» አልኳት። ስኒውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችው። ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ትንሽ ቆይታ የጠየቀችኝ ይህን ነው፦

«ሴቶቹ ሻሽ አድርገዋል?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ደግማ ጠየቀችኝ፦ «ፎቶው ላይ። ሴቶቹ ራሳቸው ተሸፍኗል ወይ?»

ከዚያ ነገረችኝ። ታናሽየው ልጇ፣ የአባቴ እህት፣ ኮረም በደረሱ በስምንተኛው ቀን ሞተች። ከፈን አልነበረም። አያቴ ሻሿን ፈትታ ልጇን ገነዘችበት። ሶላተል ጀናዛ የሰገዱት ሦስት የማታውቃቸው ሰዎች ናቸው። ከቀብር ስትመለስ ራሷ ላይ ምንም አልነበረም። ካሜራ የያዙ ሰዎች በሰልፉ ዳር እየሄዱ ያነሱ ነበር፤ ከየት እንደመጡ፣ እነማን እንደሆኑ አታውቅም። ከዚያን ጊዜ በፊት ካሜራ አይታ አታውቅም፤ አጠገቧ የነበረች ሴት ናት «ምስልሽን እየወሰዱት ነው» ያለቻት። በእጇ ራሷን ልትሸፍን ሞከረች፤ ግን አባቴን ታቅፋ ነበርና አንድ እጅ አልበቃትም።

ከአርባ ዓመት በላይ ይህን ተሸክማ ኖራለች። ባሏን፣ ልጇን ማጣቷን «አልሃምዱሊላህ አለፈ» ብላ ለአላህ ሰጥታዋለች። ይህኛው ግን አላለፈላትም። በማታውቀው አገር፣ በማታውቀው ሰው ግድግዳ ላይ፣ ራሷ ተገልጦ ተሰቅላ ይሆናል ብላ ታስባለች።

«እምዬ፣ እኔ አላገኘሁሽም» አልኳት። ለካ መፈለጌንም ተናገርኩ ማለት ነው። ዝም ብላ አየችኝ።

«ካገኘሽኝ ሸፍኚኝ» አለች።

ሁለተኛውን ስኒ እየቀዳች ግን ሌላ ነገር ጨመረች፤ ይህንንም ልትሰሙት ይገባል። «እነሱ ከመጡ በኋላ ነው ስንዴውና ዘይቱ የበዛው። አባትሽ በሱ ነው የዳነ። እኔ ሰዎቹን አልረግማቸውም፤ አላህ ሰበብ አድርጓቸዋል። ብቻ ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ ከሴትየዋ ነጠላ ተውሼ እሸፈን ነበር።»

ማየት ምንድን ነው?

ከግራና ስመለስ ዕቅዱን ቀድጄ ልጥለው ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ «ምን አግብቶኝ ነው ጀመዓውን ሰው ተገልጦ ወደሚታይበት የምወስደው?» እላለሁ። ወልዲያ ስደርስ ግን ሌላው ወገን ታየኝ። ፎቶ ባይነሳስ ኖሮ?

ይህንን የወሎ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ1966ቱ ረሃብ መንግሥት ነገሩን ሸፍኖት ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው ዓለም የወሎን ሕዝብ ያየው። ያው ፊልም ተቆራርጦ፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀላቅሎ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ስለዚህ አንድ ዓይነት መሸፈን አለ፣ ሰውን የሚገድል፤ አንድ ዓይነት መሸፈን ደግሞ አለ፣ የሰውን ክብር የሚጠብቅ። ረሃቡ መገለጥ ነበረበት። የአያቴ ራስ ግን መገለጥ አልነበረበትም። ሁለቱ በአንድ ካሜራ ውስጥ ሲገቡ የሚለያቸው አንሺው ብቻ አይደለም፤ ተመልካቹም ነው።

በዲናችን ስለ ፎቶግራፍ ዑለሞች የተለያየ አቋም እንዳላቸው ታውቃላችሁ። ስለ ሥዕልና ምስል የመጡትን ሐዲሶች በፎቶግራፍም ላይ የሚያውሉ፣ ለመታወቂያና ለመሰል ጉዳይ ካልሆነ በቀር የሚከለክሉ አሉ። ከአንድ መቶ ዓመት ገደማ በፊት የግብጽ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል ሙጢዒ ደግሞ ፎቶግራፍ አላህ የፈጠረውን ጥላ መያዝ እንጂ አዲስ ምስል መፍጠር አይደለም ብለው መፍቀዳቸው ይታወቃል። የብርሃንን ነገር ካነሳን፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ በጠባብ ቀዳዳ የሚገባ ብርሃን የውጭውን ነገር ገልብጦ እንደሚያሳይ ከሺህ ዓመት በፊት በጥንቃቄ ያጠናው የበስራው ኢብኑል ሀይሠም ነው፤ ዛሬ ካሜራ የምንለው በዚሁ መርህ ይሠራል። ይህ ጽሑፍ ፈትዋ አይደለም፤ የልባችሁን ጥያቄ ለኡስታዞቻችን አቅርቡ። እኔ የማነሳው የሁላችንም ስምምነት ያለበትን ነው፦ ዓይንን መስበር ታዘናል፤ የወንድምን ነውር መሸፈን ታዘናል። ቁርኣን ደግሞ በምድር ላይ እንድንጓዝና ከእኛ በፊት የነበሩት ምን እንደደረሰባቸው እንድንመለከት ደጋግሞ ያሳስበናል። ስለዚህ መመልከትም ኢባዳ ሊሆን ይችላል፤ እንዴት እንደምንመለከት ካወቅን።

ስም ያላቸውና ስም የሌላቸው

ከዚያ በኋላ ዕቅዱን እንደገና ስጽፍ አንድ ልዩነት ታየኝ።

በቀይ ሽብር ሙዚየም ግድግዳ ላይ የተደረደሩት ፎቶዎች የተገደሉ ወጣቶች ናቸው። ብዙዎቹ ፎቶ ቤት ገብተው፣ ልብሳቸውን አስተካክለው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው የተነሱት ነው። ከቤተሰብ አልበምና ከመታወቂያ የመጣ ጉርድ ፎቶ ነው። ስማቸውም አብሮ አለ። ማንም ሰው ሞቱን አስቦ ጉርድ ፎቶ አይነሳም፤ ለትምህርት ቤት ወይም ለሥራ ብለው የተነሱት ዛሬ መታሰቢያቸው ሆነ። እነዚህ ልጆች እንዴት መታየት እንደፈለጉ ራሳቸው ወስነዋል። ገዳያቸው ሕይወታቸውን ቢወስድም ይህችን አልወሰደባቸውም።

የሰባ ሰባቱ ፎቶዎች በአብዛኛው ስም የላቸውም። ቦታና ቀን አላቸው፤ «እናትና ልጅ» ይላሉ። ከነዚያ ሁሉ ፊቶች ስማቸው ተፈልጎ ከተገኘ ጥቂቶች አንዷ የትግራይ ልጅ የነበረችው ብርሃን ወልዱ ናት። በሞት አፋፍ ላይ ሳለች የተቀረጸው ምስሏ በ1985ቱ ኮንሰርት ላይ ታየ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ አድጋና ተምራ ለንደን በተደረገ ሌላ ኮንሰርት መድረክ ላይ በእግሯ ቆመች። የሌሎቹን ስም ማን ይመልስላቸዋል? ቤት ውስጥ የምናውቀው እኛው ነን።

ፎቶ መነሳት ራሱ ለሁሉም እኩል አልደረሰም። በአገራችን ከቀደሙት ባለ ፎቶ ቤቶች መካከል በአጤ ምኒልክ ዘመን የመጡት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ይገኙበታል፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶርኮም የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነቱን ወርሰዋል። መኳንንቱ ተዘጋጅተው፣ ካባ ደርበው ተነሱ። የግራና ገበሬ ግን ካሜራ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሱ የመጣው በተራበ ቀን ነው። አያቴ ሁለተኛ ፎቶዋን የተነሳችው ለቀበሌ መታወቂያ፣ መርሳ ፎቶ ቤት ሄዳ ነው። ጥቁር ሻሿን ከቅንድቧ በላይ አጥብቃ አስራ፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ትታያለች። በቤታችን ያላት ፎቶ ይህ አንድ ጉርድ ነው።

የዛሬዎቹ የአገራችን ፎቶግራፍ አንሺዎች ይህን ነገር የዘነጉት አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2020 የኖቤል የሰላም ሽልማት ለዓለም የምግብ ፕሮግራም ሲሰጥ፣ ኦስሎ የሚገኘው የኖቤል የሰላም ማዕከል ስለ ረሃብ የሚሆነውን የፎቶግራፍ ኤግዚቢሽን የሰጠው ለአይዳ ሙሉነህ ነው። አይዳ የተራበ ሰው ፈልጋ አላነሳችም። ፊታቸው በቀለም የተቀባ፣ ልብሳቸው የታሰበበት፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ሴቶችን አቁማ፣ ረሃብ እንዴት የጦር መሣሪያ እንደሚሆን በምልክት አሳየች። ሥራዋን ሁሉም ላይወደው ይችላል፤ እኔም አንዳንዱ አይገባኝም። ነገር ግን ስለ ረሃብ ለመናገር የአንዲት እናት ራስ መገለጥ ግዴታ እንዳልሆነ ከሷ ሥራ ተምሬአለሁ።

የተለወጠው ዕቅድ

እንግዲህ አሁን የማቀርብላችሁ ዕቅድ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ኒያ። ከመነሳታችን በፊት በነበረው የጁሙዓ ምሽት ተሰብስበን እያንዳንዳችን ለምን እንደምንሄድ አንድ ዓረፍተ ነገር እንጽፋለን። ማንም አያነብልንም። ስንመለስ ራሳችን እናነበዋለን።

ሁለተኛ፣ ጉዞ። ከወልዲያ አዲስ አበባ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በከሚሴና በደብረ ብርሃን አድርጎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ አንድ ሙሉ ቀን ለመሄጃ፣ አንድ ቀን ለመመለሻ ይያዛል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳናረጋግጥ አንንቀሳቀስም፤ ቀኑም በዚሁ ምክንያት ሊገፋ ይችላል። የእህቶች ጉዞ ከመሕረም ጋር ነው፤ ወንድሜ አብሮኝ ይሄዳል፤ ሌሎቻችሁም ከቤተሰብ ጋር ከወዲሁ ተመካከሩ። መንገደኞች ስለሆንን ቀስርና ጀምዕ እንጠቀማለን።

ሦስተኛ፣ ማሳወቅ። ስንት እንደሆንን፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደምንመጣ ለየሙዚየሞቹ አስቀድመን በደብዳቤ እናሳውቃለን። የመክፈቻ ሰዓትና የመግቢያ ዋጋ ከመሄዳችን በፊት በነበረው ሳምንት እንደገና ይጠየቃል። በውስጥ ፎቶ ማንሳት የሚፈቀድ መሆኑንም እንጠይቃለን፤ ቢፈቀድም የሟቾችን ፎቶ በስልክ አናነሳም።

አራተኛ፣ የቀኑ አካሄድ። ጠዋት ስድስት ኪሎ እንጀምራለን። ሁለቱን ሙዚየሞች በእግር እናዳርሳለን። ለዙህር ፒያሳ ወርደን ኑር መስጂድ፣ በተለምዶ በኒን የሚባለው፣ እንሰግዳለን። ከሰዓት በኋላ ወደ ቀይ ሽብር ሙዚየም እንሄዳለን። እዚያ የሟቾች አጽምም ስላለ መግባት የከበደው ሰው ውጭ መቀመጥ ይችላል፤ ማንም አይገደድም። ከዐስር በኋላ ሌላ ቦታ አንሄድም፤ ተቀምጠን እንነጋገራለን።

አምስተኛ፣ አስተያየት። በየቤቱ ያለውን ሁሉ ለማዳረስ አንሮጥም። እያንዳንዱ ሰው በየሙዚየሙ አንድ ፎቶ ብቻ መርጦ ፊት ለፊቱ አሥር ደቂቃ ይቆማል። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አራት ጥያቄ ይመልሳል፦ ይህ ሰው ማን ይባላል? አንሺው ማነው? ሰውየው መነሳቱን ያውቅ ነበር? እኔ ብሆን በዚህ ሁኔታ መታየት እፈቅድ ነበር? አራተኛውን «አልፈቅድም» ብሎ የመለሰ ሰው ዓይኑን ይስበር፤ ለሰውየው ዱዓ አድርጎ ይለፍ። ይህም ጉብኝት ነው።

ስድስተኛ፣ ይዘን የምንሄደው። እያንዳንዳችን ከቤታችን አንድ የቤተሰብ ጉርድ ፎቶ ይዘን እንመጣለን፤ ባለቤቱን ወይም ቤተሰቡን አስፈቅደን። ማታ ስንቀመጥ የሰውየውን ስም፣ አገሩን፣ ፎቶውን የት እንደተነሳ ለጓደኞቻችን እንናገራለን። ፎቶ የሌለው ሰው ስም ብቻ ይዞ ይምጣ። የአያቴ ታናሽ ልጅ ፎቶ የላትም። ስሟን ግን እኔ ይዤ እመጣለሁ።

ለመመዝገብ የምትፈልጉ ለእህቶች ክፍልም ሆነ ለጀመዓው ጸሐፊ ስማችሁን ስጡ። ቀኑ ሲቆረጥ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ይነገራል፤ ኢንሻአላህ።

መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጆቹ ከመስጠቴ በፊት ግራና ሄጄ ለአያቴ አነበብኩላት። ስለ ሻሹ ያለው ቦታ ስደርስ አቁሜ «ይውጣ ወይስ ይቅር?» ብዬ ጠየቅኳት። ረዘም ላለ ጊዜ አሰበች። «ይውጣ» አለች፤ «ልጆቹ ይወቁት። ስሜን ግን አትጻፊ።»

አልጻፍኩም። የሷንም፣ የልጇንም። ኮረም ላይ ስሟ የቀረው ማንም ስላልጠየቃት ነው፤ እዚህ የቀረው ተጠይቃ አይሆንም ስላለች ነው። በስልኬ የነበረውን ፊልም አጥፍቼዋለሁ፤ በፊት መፈለጌንም ትቻለሁ። አንድ ቀን በአጋጣሚ ባገኛት ግን ምን እንደማደርግ አውቃለሁ።

አላህ ለሞቱት ይዘንላቸው፤ ነውራችንን በዱንያም በአኼራም ይሸፍንልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።